ባለቤቴ መኪና አያቆምም፣ እኔ ደግሞ ተራራ ላይ መንዳት እፈራለሁ

«የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። ለኦክቶበር ሁለታችንም የአሥር ቀን ዕረፍት አግኝተናል። ከሼናንዶዋ ተነስተን በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ጫፍ ድረስ ቅጠሉን እያየን ለመውረድ አስበናል። ባለቤቴ ስልኩን አይቶ ‹ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ በሁለት ቀን ደርሰን እንመለሳለን› ይላል። አንዴ መሪ ከያዘ ውኃ ለመግዛት እንኳ አያቆምም። አምና ናያጋራ ስንሄድ ተኮራርፈን ነው የተመለስነው። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ግን ተራራ ላይ ነድቼ አላውቅም። መኪናችን የ2015 ራቭ ፎር ናት። አገሩን አናውቀውም፣ በመንገዱም ላይ ዘመድ የለንም። ከየት እንጀምር?»

እህታችን፣ ኩርፊያው ገና ከቤት ሳትወጡ ስልኩ ላይ ተጀምሯል። ባለቤትሽ ያየው ስምንት ሰዓት ተኩል እናንተ የምትሄዱበት መንገድ ሰዓት አይደለም። የፓርክዌዩ መጨረሻ የሆነችውን ቸሮኪን ብሎ ሲጽፍ ስልኩ ያወጣለት በሸለቆው ውስጥ የሚያልፈውን ኢንተርስቴት 81ን ነው። እናንተ ግን የምትሄዱት ከላይ፣ በተራራው ጫፍ ጫፍ ነው። ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ ያለው የሼናንዶዋ ፓርክ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ነው፤ ከዚያ እስከ ቸሮኪ ያለው ፓርክዌይ 469። ድምሩ 574 ማይል። የፍጥነት ወሰኑ ስካይላይን ላይ 35፣ ፓርክዌዩ ላይ ቢበዛ 45 ነው። ጠመዝማዛውንና ከፊት የሚያዘግመውን መኪና ስትጨምሩበት በአማካይ ከ30 ማይል በላይ አይኬድም። አንድም ቦታ ሳትቆሙ 19 ሰዓት መሪ መያዝ ማለት ነው።

በኦክቶበር አጋማሽ ደግሞ ጀንበር በእዚያ አቆጣጠር ጠዋት 7፡20 ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 6፡40 ገደማ ትጠልቃለች። ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ የሚታይ ነገር የለም፤ ድቅድቅ ጨለማ፣ አጋዘንና ኩርባ ብቻ። ስለዚህ በቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የሚበልጥ መንዳት አታቅዱ። እንደ ሥራ ቀን በጠዋት ወጥታችሁ 5፡30 ላይ ማደሪያችሁ መግባት አለባችሁ። ለመውረድ ብቻ ስምንት ቀን ያስፈልጋችኋል፤ መመለሻው አንድ ቀን ነው። አሥር ቀናችሁ በቂ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ግን ግማሹን መንገድ ብቻ ማየት ይሻላል።

(በነገራችን ላይ ፎልን «በልግ» የምንል ብዙ ነን። በልግ ግን አገር ቤት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው የትንሹ ዝናብ ወቅት ነው። የኦክቶበሩ መፀው ነው።)

መቼ መነሳት እንዳለባችሁ እንይ። ቅጠሉ በአንድ ቀን አይቀላም፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከ5,000 ጫማ በላይ ያለው የኖርዝ ካሮላይና ጫፍ በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይደምቃል፤ አሽቪል አካባቢ ያለው ዝቅ ያለ መሬት ደግሞ ወደ ወሩ መጨረሻ። በአጋማሹ ብትሄዱ አንዱ ቢያልፋችሁ ሌላው ይጠብቃችኋል። የሚቀላው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ስላልሆነ «ያለቀለት ቀን» እያላችሁ አትጨነቁ። መሸሽ ያለባችሁ በወሩ ሁለተኛ ሰኞ ከሚውለው የበዓል ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በዚያን ጊዜ የስካይላይን መግቢያ በሮች ላይ ሰልፉ እንደ ነዳጅ ሰልፍ ነው። ከበዓሉ በኋላ ባለው ረቡዕ ተነሱ። ረቡዕ የሆነበት ምክንያት አለው፦ የዋሽንግተን ሰው ሁሉ ቅዳሜ ስካይላይንን ሲወር እናንተ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ የአሽቪል ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ወደ ብሎዊንግ ሮክ ሲወጣ ገና አልደረሳችሁም።

ረቡዕ በፍሮንት ሮያል ገብታችሁ በመንገዱ ዳር ምልክት ማይል 51 ላይ ቢግ ሜዶውስ እደሩ። የመኪና መግቢያው 30 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ያገለግላል፤ ፓርክዌዩ ግን በነጻ ነው። ሐሙስ የቀረውን 54 ማይል ጨርሳችሁ በፓርክዌዩ በራሱ አቆጣጠር ማይል 86 ድረስ፣ ፒክስ ኦፍ ኦተር በሚባለው ቦታ ካለው ሐይቅ ዳር ትወርዳላችሁ። ይህ ከሁሉም ረጅሙ ቀን ነው፣ ስለዚህ በጠዋት ተነሱ። ማይል 63 ላይ ጄምስ ወንዝን ስትሻገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 649 ጫማ ብቻ ናችሁ፤ የመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ ያ ነው፣ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ዓርብ ሮኖክን አልፋችሁ ማይል 165 ላይ በስቴት መንገድ 8 ወደ ፍሎይድ ውረዱ። የሮኖክ ዙሪያ የከተማ ዳርቻ ስለሆነ ጊዜ ካነሳችሁ የምትዘሉት እሱን ነው። ፍሎይድ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓርብ ማታ በአገሬው መደብር ውስጥ የተራራው ሰው ፊድልና ባንጆ ይጫወታል፣ ይጨፈራል።

ፍሎይድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቅዳሜ ያንቺ ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለን እንነግርሻለን። እሑድ ከሰዓት፣ የቅዳሜው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እናንተ ብሎዊንግ ሮክ ትገባላችሁ (ማይል 291)። እዚያም ሁለት ሌሊት። ሰኞ የሚታየው ሊን ኮቭ ቪያዳክት ነው፣ ማይል 304። ፓርክዌዩ መሠራት የጀመረው በ1935 ነው፤ ይህች 1,243 ጫማ የሆነች ድልድይ ግን ለመንገደኛ የተከፈተችው በ1987 ነው። ግራንድፋዘር ተራራን በድማሚት ላለመናድ ሲባል 153 የኮንክሪት ቁራጮች ተራ በተራ፣ ከተሠራው ክፍል ላይ ሆነው ወደ ፊት እየተቀጠሉ ነው የተሠራችው። ስትነዱባት አትታይም፤ የምትታየው መኪና አቁማችሁ በእግር ከሥሯ ስትሄዱ ነው። ማይል 316 ላይ ያለውን የሊንቪል ፏፏቴም ክፍት ከሆነ በዚሁ ቀን ጨርሱ። ማክሰኞ አሽቪል፣ ረቡዕ ከመጨረሻዎቹ 87 ማይሎች አብዛኛው፣ ሐሙስ ጥቂቱን ጨርሶ ወደ ቤት። አንድ ቀን ትርፍ ይቀራችኋል፤ ዝናብ የሚበላው ያንን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ዋና ነገር፦ በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ የኖርዝ ካሮላይናውን ክፍል ክፉኛ ንዶታል፤ ጥገናው ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚሄደው። የፓርክ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ የትኛው ማይል ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በካርታ ይወጣል። ማደሪያ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ፣ ከዚያ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት እዩት። ከሊንቪል ፏፏቴ በኋላ ያለው ዝግ ከሆነ አትጨነቁ፤ ማይል 317 ላይ በመንገድ 221 ወደ ማሪየን ወርዳችሁ በኢንተርስቴት 40 አሽቪል ትገባላችሁ። በብረት የተዘጋ በር አልፎ «ትንሽ እንይ» ማለት ግን አይሞከርም፤ አስፋልቱ ከላይ ደህና መስሎ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስልኩ እንዳያስኮርፋችሁ መላ አለው። ቸሮኪ ብላችሁ አትጻፉ። ስልክ ፈጣኑን ስለሚፈልግ በየመገናኛው ወደ ኢንተርስቴቱ ሊጎትታችሁ ይታገላል። የዕለቱን መቆሚያዎች አንድ በአንድ አስገቡ፦ መጀመሪያ ሃምፕባክ ሮክስ፣ እሱን ስትደርሱ ጄምስ ሪቨር፣ እያላችሁ። በረጅም ርቀት ኔትወርክ የለም፤ የቨርጂኒያንና የኖርዝ ካሮላይናን ካርታ ቤታችሁ ሆናችሁ በዋይፋይ አውርዱ፣ የወረቀቱንም ካርታ ከጎብኚዎች ማዕከል ውሰዱ። እዚያ መንገድ ላይ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ አድራሻው በመንገዱ ዳር በተተከለው የማይል ምልክት ላይ ያለው ቁጥር ነው። አደጋ ደርሶ 911 ብትደውሉ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከጎን የተቀመጠው ሰው ያለፈውን ቁጥር ሁሌም ይያዝ።

አሁን ወደ አለማቆሙ ነገር እንምጣ። ብዙ ጊዜ አለማቆም ክፋት አይደለም። ሚስት «አቁም! አቁም!» ስትል መኪናው ማቆሚያውን አልፏል፣ ከኋላ ሌላ መኪና አለ፣ ፊት ለፊት ኩርባ ነው። የዚያን ጊዜ ፍሬን መያዝ አደጋ ነው፤ አለመያዝ ደግሞ ኩርፊያ። መፍትሔው ቁጥር ነው። ማታ ማታ ለነገው ሦስት ሦስት መቆሚያ ምረጡ፣ አንቺ ሦስት፣ እሱ ሦስት፤ የማይል ቁጥራቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። «ሁለት ማይል ቀርቶናል» በይው፣ ቀጥሎ «ግማሽ ማይል»። ቁጥር የሚወድ ሰው በቁጥር ይቆማል። ከስድስቱ ውጪ ማቆም የሾፌሩ ፈቃድ ይሁን። ወደ ደቡብ ስትወርዱ በስተ ቀኝ ያሉትን ማቆሚያዎች አስቀድሙ፤ በስተ ግራ ያሉት ከፊት የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ ይጠይቃሉ፣ ኩርባ ላይ ደግሞ የሚመጣው አይታይም። ማቆሚያ በሌለበት ዳር ላይ መቆም ካስፈለገ አራቱም ጎማ ከአስፋልቱ መውጣት አለበት፤ ሣሩ ከዝናብ በኋላ ስለሚያሰምጥ ግን በደረቅ ቀን ብቻ። ከኋላችሁ ሦስት መኪና ከተከማቸ ገባ ብላችሁ አሳልፉ።

ያንቺ መንዳት። ለተራራ መንዳት መለማመጃ ከፓርክዌዩ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ የጭነት መኪና እንዳይገባበት የተከለከለ ነው፣ የትራፊክ መብራት የለውም፣ የሚቸኩል ሰውም አይበዛበትም። ግን ከየትም አይጀመርም። ከፍሎይድ መውጫ እስከ ፋንሲ ጋፕ፣ ማይል 165 እስከ 199 ድረስ፣ መንገዱ በአምባ ላይ ነው የሚሄደው፦ የእንጨት አጥር፣ የላም መስክ፣ ለስላሳ ኩርባ። ቅዳሜ በጠዋት መሪውን አንቺ ያዢ። ማይል 176 ላይ ማብሪ ሚል የሚባለው አሮጌ የውኃ ወፍጮ አለ፤ ፎቶ የሚነሳው ሰው ሳይሞላ ድረሱ። ከአሽቪል በኋላ ያለውን ግን ለባለቤትሽ ተዪለት። ፓርክዌዩ ካሉት 26 ዋሻዎች 25ቱ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉት ኩርባ ላይ ናቸው። ከመግባታችሁ በፊት መብራት ማብራት፣ የፀሐይ መነጽር ማውለቅ።

ቁልቁለት ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፦ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ። ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል፤ ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የጠጣ ከሆነ ይፈላል። አረፋ ደግሞ ግፊት አያስተላልፍም፤ ፔዳሉ ይሰምጣል። በእናንተ ራቭ ፎር ማርሹን ከዲ ወደ ጎን ወደ ኤስ ሳቡት፣ ከዚያ ወደ «መቀነስ» እየነካችሁ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አድርጉት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ፣ መኪናውን የሚይዘው እሱ ነው። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይገባ ነው፤ አጥብቆ አጠር አድርጎ፣ ከዚያ መልቀቅ። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መርገጥ መኪናውን ወደ ውጪ ይገፋዋል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ማቆሚያ ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት አብርዱ። ውኃ አታፍሱበት፤ የጋለው ዲስክ ይጣመማል።

መካኒክ ጋ ከሁለት ሳምንት በፊት ሂዱ፣ በዋዜማው አይሆንም። አራቱም ጎማ ተፈትቶ የፍሬን ሸራው ውፍረት በሚሊሜትር ይነገራችሁ፤ ከ4 በታች ከሆነ ይቀየር። የፍሬን ዘይቱ ሦስት ዓመት ካለፈው ይቀየር። ጎማውን በሩብ ዶላር ራሳችሁ ለኩት፦ ሳንቲሙን የጆርጅ ዋሽንግተን ጭንቅላት ወደ ታች አድርጋችሁ ጥርሱ ውስጥ ስታስገቡ የራሱ ጫፍ ሙሉ ከታየ ጎማው ለረጠበ ተራራ አይበቃም። ነፋሱን በሾፌሩ በር ላይ ባለው ወረቀት ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት ሙሉት። ከኋላ ከወለሉ ሥር ያለው ቀጭኑ ትርፍ ጎማ ለዓመታት ነፋስ ሳይነካው ሊቆይ ስለሚችል እሱንም አስለኩት፤ ያንን አስሮ በሰዓት ከ50 ማይል በላይ አይነዳም።

ፓርክዌዩ ላይ ነዳጅ የለም፤ አንድም ማደያ። ግማሽ ሲደርስ መሙላት ደንባችሁ ይሁን። የሚመቹ መውጫዎች ሮክፊሽ ጋፕ ከመግባታችሁ በፊት ዌይንስቦሮ፣ ማይል 45 ላይ ቡዌና ቪስታ፣ ማይል 121 ላይ ሮኖክ፣ ፋንሲ ጋፕ፣ ብሎዊንግ ሮክ፣ አሽቪልና ማይል 443 ላይ ዌይንስቪል ናቸው።

ጭጋግ። እናንተ ጭጋግ የምትሉት ተራራው ላይ የተቀመጠ ደመና ነው፤ አንድ ሺህ ጫማ ዝቅ ስትሉ ብዙ ጊዜ ከሥር ጥርት ያለ ነው። ሮክፊሽ ጋፕ በዚህ የታወቀ ስለሆነ ከሥሩ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 64 የጭጋግ መብራት ተደርጎበታል። ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ጭጋጉን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። በዝቅተኛው መብራት እየነዳችሁ በሚቀጥለው መውጫ ውረዱ፣ በሸለቆው መንገድ ሂዱ፣ ከሰዓት ተመለሱ። አጋዘን ደግሞ በጠዋትና በማታ ይወጣል፤ አንዱ ከተሻገረ ሁለተኛው ከኋላው አለ። መሪ አታጥፉ፤ ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። አጋዘን መኪና ያበላሻል፣ ገደል ግን ሰው ይበላል። ከ5,000 ጫማ በላይ በኦክቶበር መጨረሻ በረዶ ሊኖር ይችላል፤ ፓርክዌዩ ጨው አይረጭበትም፣ ይዘጋል እንጂ።

ከፍታው ራሱ አያሳስባችሁ። የፓርክዌዩ ጣሪያ ማይል 431 ላይ ሪችላንድ ባልሳም ነው፤ 6,053 ጫማ፣ ወደ 1,845 ሜትር። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ጆሮ ሲደፈን ቆሎ ቆርጠሙ። ለሚያቅለሸልሸው ሰው የፊት ወንበር፣ ዓይን ሩቅ ላይ፣ ስልክ መዝጋት፣ ትንሽ ዝንጅብል፤ የማቅለሽለሽ ክኒን ስለሚያስተኛ የዕለቱ ሾፌር አይውጠው።

ምግብ ያዙ፤ መንገዱ ላይ ያለው ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ደግሞ ከድንች ጥብስ ያለፈ ላታገኙ ትችላላችሁ። እርጥብ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚበቃ እንጀራ ያዙ፣ በየእንጀራው መሐል የወጥ ቤት ወረቀት አድርጉ፤ ለቀረው ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ድርቆሽ በበርበሬ ቁሌት አሥር ደቂቃ ነው። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ጀበና የምትጥዱበት ቦታ በምልክት የታወቀው የሽርሽር ቦታ ነው፤ ጄምስ ሪቨርና ፒክስ ኦፍ ኦተር ጥሩ ጠረጴዛ አላቸው። በእይታ ማቆሚያዎቹ ላይ ግን እሳት አታንድዱ። አካባቢው የጥቁር ድብ አገር ነው፤ ፍርፋሪ ጠረጴዛ ላይ አይቅር፣ ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ከመኪናው ውጪ አይደር።

ማደሪያውን ዛሬውኑ ያዙ። ተራራው ላይ ያሉት ማደሪያዎች ጥቂት ናቸው፣ የኦክቶበር ክፍላቸው ከወራት በፊት ያልቃል። ካጣችሁ ሉሬይ፣ ሌክሲንግተንና ሮኖክ ከሥር አሉ፤ ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ መውረድና መውጣት ይጨምራል። በመጨረሻው ረቡዕ ማይል 418 ላይ ግሬቭያርድ ፊልድስ በጠዋት ካልደረሳችሁ ማቆሚያ አታገኙም። ማይል 451 ላይ ዋተርሮክ ኖብ ደርሳችሁ ጀንበሯን ጠብቁ፣ በጨለማ ሩቅ እንዳትነዱ ማይል 455 ላይ በመንገድ 19 ወርዳችሁ ማጊ ቫሊ እደሩ፤ የቀረውን 14 ማይል በጠዋት። መጨረሻው ላይ ኦኮናሉፍቲ ሜዳ ላይ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ይሰማራል፤ ወንዱ በዚያ ወቅት ቁጡ ስለሆነ ከ50 ያርድ አትቅረቡት።

መመለሻውን በፓርክዌዩ አታድርጉት፤ የጠገበ ዓይን አያይም። ከቸሮኪ አሽቪል፣ በ26 ወደ ጆንሰን ሲቲ፣ ከዚያ 81ን ይዞ 66 ነው፤ ከምሳ ጋር ወደ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ባለቤትሽ የሚወደውን ቀጥ ያለ መንገድ ያን ቀን ያገኛል። ብቻ ይህን ንገሪው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከወሰኑ በ20 ማይል ማለፍ፣ ተራ ቅጣት ሳይሆን ፍርድ ቤት የሚያስቀርብ ወንጀል ነው፤ የራዳር መጠቆሚያ መሣሪያም እዚያ የተከለከለ ስለሆነ ካላችሁ ቤት ትታችሁት ሂዱ።